ወንድሜ 12ኛ ክፍል ነው፤ ሞዴል ላይ 280 አመጣ። ምን እናድርግ?

ኮፒ ቤት ነኝ | ጥር 18፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት

ሰላም ለሁላችሁም። ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ታግሣችሁ አንብቡልኝ።

ወንድሜ የ12ኛ ክፍል ናቹራል ተማሪ ነው። ዘንድሮ ማትሪክ ይፈተናል። እናታችን ካረፈች ወዲህ የማሳድገው እኔ ነኝ። የምንኖረው አፍንጮ በር ነው። ሥራዬ አራት ኪሎ ኮፒ ቤት ውስጥ ነው። የ12ኛ ክፍል ዎርክሺት ቀኑን ሙሉ ሲባዛ የሚውለው በእኔ እጅ ነው። የየትምህርት ቤቱ ሞዴል፣ የድሮ ማትሪክ፣ የአስጠኚዎች ኖት፣ ሁሉም በእጄ ያልፋል። ውስጡን ግን አላውቀውም። እኔ 10ኛን ጨርሼ ነው ሥራ የገባሁት።

ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ ይሄን አስቀድሜ ልናገር። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይነሳል። ከትምህርት ቤት ሲወጣ ቀጥታ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ይገባል። ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል በፊት ቤት አይመጣም። ቅዳሜና እሑድ ቲቶሪያል አለው። ይህን ሁሉ እየለፋ ባለፈው ሳምንት የሞዴል ውጤቱ መጣ። እንግሊዝኛ 52፣ ማትስ 31፣ አፕቲትዩድ 44፣ ፊዚክስ 38፣ ኬሚስትሪ 47፣ ባዮሎጂ 68። ድምሩ ከ600 280 ነው። ማለፊያው 300 ነው።

ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ ደብተሩ ውስጥ ከተተው። እራቱን አልበላም። "ሕክምና ካልሆነ ሌላ ምንም አልፈልግም" ብሎኝ ተኛ።

ትናንት እሱ በሌለበት ጠረጴዛውን ሳስተካክል የባዮሎጂ መጽሐፉን ገለጥኩት። ገጹ ከላይ እስከ ታች በቢጫ ማርከር ተሰምሯል። ያልተሰመረ መስመር የለም። አልጋው ሥር ደግሞ እኔ ራሴ ያባዛሁለት የዎርክሺት ክምር አለ። እስክሪብቶ የነካው ከላይ ያለውን ሦስት አራቱን ብቻ ነው። ቁጭ ብዬ አየሁት። ለማን እንደምናገር ጨነቀኝ።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ይቺ 20 ነጥብ ከየት ትምጣ? ሁለተኛው፣ እግዚአብሔር አያድርገውና 300 ባይሞላስ? ጎረቤት አንዱ "ሪሚዲያል አለ" ይለኛል። ሌላው "ቴክኒክ ይግባ" ይላል። ሌላው "ገንዘብ ካለሽ የግል ኮሌጅ" ይላል። የትኛው መንገድ ወዴት እንደሚያደርስ የምታውቁ ንገሩኝ።

ጠመኔ | ጥር 18፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት

እህቴ፣ መጀመሪያ ፈጣሪ ያበርታሽ። ፊዚክስ አስተምራለሁ። እዚሁ አራዳ ክፍለ ከተማ 19 ዓመት ሆነኝ። ከጻፍሽው ሁሉ ልቤን የነካው ያ በቢጫ የተሰመረ ገጽ ነው። ብዙ ተማሪዎቼ እንደዚያ ናቸው።

ልጁ እያነበበ ነው። ራሱን እየፈተነ ግን አይደለም። አንድን ገጽ አምስተኛ ጊዜ ስታነቢው ዓይንሽ ይለምደዋል። "ይሄንንማ አውቀዋለሁ" ትያለሽ። መጽሐፉ ተከድኖ ባዶ ወረቀት ሲሰጥሽ ነው ማወቅ አለማወቅሽ የሚለየው።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ባለፈው ሳምንት ክፍል ውስጥ ይቺን ጠየቅሁ፦ ኳስ በሰከንድ 20 ሜትር ፍጥነት፣ ከመሬት በ60 ዲግሪ ተወረወረ። የመጨረሻው ከፍታ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ስንት ነው? ከግማሽ በላይ የሚሆነው ክፍል "ዜሮ" አለ። ፕሮጀክታይል ሞሽንን ሁሉም አንብቦታል። ፎርሙላውን በቃሉ የማይወጣው የለም። ጫፍ ላይ ዜሮ የሚሆነው ግን ወደ ላይ የሚሄደው ፍጥነት ብቻ ነው። ወደ ጎን የሚሄደው አልተነካም። የአየሩን ሰበቃ ከተውነው ከመነሻው እስከ መድረሻው ያው ነው። 20ን በኮሳይን 60 ስናባዛ በሰከንድ 10 ሜትር ይመጣል። "ዜሮ" ደግሞ ከምርጫዎቹ ውስጥ አትጠፋም። ፈተና የሚያወጣው ሰው ተማሪ የት ላይ እንደሚወድቅ ያውቃል።

ስለዚህ ከነገ ጀምሮ አንድ ደብተር ያዘጋጅ፤ የስህተት ደብተር። የሳተውን ጥያቄ ይገልብጥ። የመለሰውን ይጻፍ። ለምን እንደዚያ እንዳሰበ በአንድ መስመር ይጻፍ። ከዚያ ትክክለኛውን ሠርቶ ያሳይ። "ቸኩዬ ነው" ብሎ መጻፍ አይፈቀድለትም፤ ከችኮላው ሥር ሁልጊዜ ሌላ ነገር አለ። በሦስተኛው ቀን መልሱን ሸፍኖ እንደገና ይሥራው። በሳምንቱም እንደገና። ሁለቴ በትክክል ከሠራው ይሰርዘው።

ነጥቡን በተመለከተ፣ ስድስቱም ትምህርቶች እኩል ከ100 ናቸው። ባዮሎጂን ከ68 ወደ 78 ማውጣት ብዙ ያደክማል። ማትስን ከ31 ወደ 41 ማምጣት ግን ይቻላል። ፈተናው ከ9ኛ እስከ 12ኛ ካለው ትምህርት ነው የሚወጣው። 31 የሚያመጣ ልጅ ነጥቡን የሚጥለው በአብዛኛው 9ኛና 10ኛ ላይ ነው። 12ኛ የደረሰ ልጅ ግን የ9ኛን መጽሐፍ መግለጥ ያፍራል። አይፈር። አፕቲትዩድም እንዲሁ ነው። ክፍል ገብቶ የሚያስተምረው የለም፤ ስለዚህ ሁሉም ይተወዋል። እሱም ከ100 ነው። በቀን ግማሽ ሰዓት የድሮ ጥያቄ እየሠራ ሰዓት ይያዝበት።

አንድ ነገር ጠይቂልኝ። በሳምንት ባዮሎጂን ስንት ሰዓት ያነባል? ማትስንስ?

ቁጥር ይናገራል | ጥር 19፣ ጠዋት 1 ሰዓት

ላስከፋሽ አይደለም፤ እውነቱን ማወቅ ይሻላል ብዬ ነው። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ያለውን ውጤት እዩት። በ2014 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ነው። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ። ባለፈው ዓመት እንኳ ከ100 ተፈታኝ ከ90 በላይ የሚሆነው አላለፈም። ሞዴል ላይ 280 ያመጣ ልጅ ሕክምና ሕክምና ከሚል ከአሁኑ ሌላ ነገር ቢያስብ ይሻለዋል።

ጠመኔ | ጥር 19፣ ጠዋት 2 ሰዓት

ወንድሜ፣ ቁጥሮቹ ትክክል ናቸው። አጠቃቀምህ ላይ ነው የማልስማማው። ያ በመቶኛ የመላው አገር ተፈታኝ ነው። መምህር በወጉ ያልነበረው፣ መጽሐፍ በእጁ ያልነካ፣ በጦርነት ዓመታት ትምህርት የተቋረጠበት ልጅ ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። ይሄ ልጅ ግን አራት ኪሎ ቤተ መጻሕፍት በእግሩ ይደርሳል። 280 ይዟል። የቀረው ከስድስት ትምህርት 20 ነጥብ ነው። ለአንዱ ሦስት ተኩል እንኳ አይደርስም።

"ሌላ ነገር ያስብ" ያልከውን ግን አልጥለውም። ማሰብ አለበት። ሕልሙን ትቶ ሳይሆን ከሕልሙ ጋር ይዞ ያስብ። ሁለቱንም አሁን ነው ማድረግ ያለበት። ውጤት በመጣ ማግሥት ቤቱ ልቅሶ ቤት ከሆነ በኋላ ማንም በወጉ ማሰብ አይችልም። በየዓመቱ አያለሁ።

ስድስት ኪሎ 2ኛ ዓመት | ጥር 19፣ ከቀኑ 7 ሰዓት

እህቴ፣ ስለ ሪሚዲያል እኔ ልንገርሽ። በዚያ በኩል ነው ያለፍኩት።

እኔም ቀበና ነው ያደግሁት። ማትሪክ ላይ 50 በመቶ አልሞላልኝም። ውጤቱን በስልክ ካየሁ በኋላ ሁለት ቀን ከክፍሌ አልወጣሁም። እናቴ በር ላይ ምግብ አስቀምጣ ትሄድ ነበር። ሪሚዲያል የሚባል ነገር መኖሩን እንኳ የነገረኝ የጎረቤት ልጅ ነው።

50 ያልሞላላቸው ግን የተቀመጠውን ነጥብ ያገኙ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ተመድበው ለአራት ወር ያህል ይማራሉ። መቁረጫ ነጥቡ ዓመት ዓመት ይለያያል፤ ስለዚህ "በዚህ ነጥብ ይገባል" የሚልሽን ሰው አትመኝ፤ ማስታወቂያውን ጠብቂ። ለናቹራል ማትስ፣ እንግሊዝኛ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ እንማር ነበር። በመጨረሻ ፈተና አለ። 70 በመቶው ከማዕከል በሚመጣው ፈተና ነው፤ 30ው ዩኒቨርሲቲው የሚይዘው። 50 ያመጣ ፍሬሽማን፣ የዩኒቨርሲቲ 1ኛ ዓመት ማለት ነው፣ ይገባል። ያላመጣ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ይሄን የምነግርሽ ተስፋ እንዲሆንሽም እንዲያስጠነቅቅሽም ነው። አራት ወር አጭር ነው። ከእኔ ጋር ከነበሩት ውስጥ "ዩኒቨርሲቲ ገባን" ብለው የተዘናጉ ነበሩ። ዶርም፣ ካፌ፣ አዲስ ከተማ፣ አዲስ ጓደኛ... ሳያውቁት አለቀ። እኔን ያዳነኝ ማትስ ነው። 9ኛ ክፍል ላይ የዘለልኩትን ሎጋሪዝም እዚያ ሄጄ ከአንድ ልጅ ተማርኩ።

ከተሳሳትኩት አንዱን ልጨምርልሽ። ያኔ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ሆኖ የራሱን የመግቢያ ፈተና መስጠት እንደጀመረ አላውቅም ነበር። ማትሪክ አልፈሽም እሱን ትፈተኛለሽ። አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እና አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂም ለናቹራል ተማሪ የራሳቸው መግቢያ ፈተና አላቸው። ምዝገባው ከውጤት በኋላ ቶሎ ይከፈትና ቶሎ ይዘጋል። ወንድምሽ ካሁኑ ይወቀው። ማትሪክ ተፈትኖ ሲወጣ ደብተሩን እንዳያቃጥል።

መፍቻና ሽቦ | ጥር 19፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት

እኔ ደግሞ የቴክኒክና ሙያውን ልንገርሽ። ስለሱ ሲወራ ሁልጊዜ ድምፁ ዝቅ ይላል። "ካልሆነ... ቴክኒክ" ይባላል። ይሄ ነገር ያመኛል።

ሜክሲኮ አካባቢ ተግባረ ዕድ ኤሌክትሪክ ተማርኩ። ሥልጠናው ከደረጃ 1 እስከ 5 ይሄዳል። አብዛኛው ተግባር ነው፤ ድርጅት ወጥተሽ ትሠሪያለሽ። በየደረጃው ሲኦሲ የሚባለውን የብቃት ምዘና ትፈተኛለሽ። እሱን ሳታልፊ ሰርተፊኬቱ ብቻውን ሥራ አያስገባም። እኔ ደረጃ 4 ጨርሼ ሲኦሲውን አልፌ አሁን የሕንፃ መስመር እዘረጋለሁ። ሦስት ልጆች አብረውኝ ይሠራሉ። ፓነል ቦርድ ከፍቼ የትኛው ብሬከር ለምን እንደሚወድቅ ሳገኝ የሚሰማኝን ደስታ ለዲግሪ ጓደኞቼ ማስረዳት አልችልም።

ማሳሰቢያ አለኝ። የሚወዱትን ዘርፍ መርጠው ካልገቡ እሱም መራራ ነው። "ቦታ ያለው እሱ ነው" ተብለው ያልፈለጉት ክፍል የገቡ ጓደኞቼ መሀል ላይ ጥለው ወጥተዋል። ሄዶ ወርክሾፑን ይይ። ተግባረ ዕድ አለ፣ ስድስት ኪሎ እንጦጦ ፖሊቴክኒክ አለ፣ ዊንጌት አለ። አንድ ከሰዓት በኋላ አብረሽው ሂጂ። ማየት ምንም አያስከፍልም።

ቁጥር ይናገራል | ጥር 19፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት

መምህር፣ የጠዋቱ መልስዎ ገብቶኛል። አነጋገሬ ጠንከር ብሎ ነበር። የእኔም ታናሽ እህት በ2015 ወድቃ ማንም ያዘጋጃት ሰው አልነበረም። እንደዚያ የጻፍኩት ለዚያ ነው።

ስለ ግል ኮሌጅ የማውቀውን ልጨምር። የግል ተቋምም ቢሆን ዲግሪ ለመግባት ያው የትምህርት ሚኒስቴር ማለፊያ ይጠየቃል፤ ወይም ሪሚዲያል ማለፍ። "ውጤት አያስፈልግም፤ ዲግሪ እንመዘግባለን" የሚል ካጋጠማችሁ ብራችሁን በኪሳችሁ ያዙ። እህቴን አንድ ቦታ እንደዚያ ብለው አስመዝግበዋት ነበር። ዓመት ሙሉ ከፍለን በመጨረሻ ምዝገባዋ አይታወቅም ተባልን። ተቋሙና የሚሰጠው ፕሮግራም ፈቃድ እንዳላቸው ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ማጣራት ይቻላል። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ የዲግሪ ተመራቂ ሁሉ መውጫ ፈተና ይፈተናል። የግልም የመንግሥትም። ስለዚህ በአቋራጭ የገባ እዚያ ላይ ይያዛል።

የዶሮ ማነቂያ እናት | ጥር 20፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ልጆቼ፣ ሁላችሁንም አነበብኳችሁ። ተባረኩ።

እኔ የምጽፈው ስለ እንቅልፍ ነው። የሚያስቀው ይስቅ፤ ለእኔ ትልቅ ጉዳይ ነው። እኛ ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ነበርን። በ2016 ሰፈሩ ሲነሳ ገላን ጉራ ተዛወርን። ልጄ ያኔ 10ኛ ክፍል ነበረች። ከጓደኞቿና ከመምህራኖቿ አልለይም ብላ እዚሁ መሀል ከተማ መማር ቀጠለች። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ተነስታ ሁለት አውቶቡስ ትይዛለች። ማታ ደርሳ እስከ 6 ሰዓት ታነባለች። ባለፈው ዓመት እንጀራ በእጇ እንደያዘች ጠረጴዛ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ጣቷ ወጥ ውስጥ ነበር። ያን ቀን አለቀስኩ።

መምህርቷ ጠርታ መከረችኝ። "በእንቅልፍ ልብ የምታነበውን አታስታውሰውም" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ከምሽቱ 4 ሰዓት መብራት ይጠፋል። አውቶቡስ ላይ መጽሐፍ አታወጣም፤ የትናንቱን በቃሏ ለራሷ ትጠይቃለች። ውጤቷ አልወረደም። እንዲያውም ማትስ ላይ ከፍ አለች።

የኔ ልጅ፣ ወንድምሽ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይነሳል ብለሻል። ስንት ሰዓት ነው የሚተኛው?

የ2008 ተፈታኝ | ጥር 20፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። እኔ በ2008 ነው የተፈተንኩት። የ12ኛ ፈተና ፌስቡክ ላይ ወጥቶ የተሰረዘበት ዓመት። ሊጀመር በነበረበት ጠዋት ቀርቷል ተባልን። እስክሪብቶ በእጃችን እንደያዝን ከበር ተመለስን። ለሳምንታት ተራዘመ። ያ ጊዜ በእኛ ላይ ያደረሰው መረበሽ ቀላል አልነበረም።

አሁን ሰኔ ሲደርስ ቴሌግራም ላይ "ፈተናው እጃችን ገብቷል" የሚሉ ይመጣሉ። ብር ላኩ ይላሉ። የሚሸጡት ያው የድሮ ወረቀት ነው፤ ቀኑን ቀይረው። ልጁ ብሩን ብቻ አይደለም የሚያጣው። የመጨረሻዋን ሳምንት ስልክ ላይ አፍጥጦ ያጣታል። እህቴ፣ ስልኩን ያን ሳምንት አንቺ ጋ ይተውልሽ። መፈተኛ ግቢም ስልክ አይገባም፤ ካሁኑ ይልመደው።

ደግሞ ትምህርት ቤቱን ጠይቂ፤ በወረቀት ነው ወይስ በኮምፒውተር የሚፈተነው? ከ2016 ጀምሮ በኮምፒውተር የሚፈተኑ አሉ። የአክስቴ ልጅ እንደዚያ ተፈትና የእንግሊዝኛ ምንባብ ከስክሪን ላይ ማንበብ አስቸግሯት ነበር። ወረቀት ላይ ማስመር ለምዳለች። ማውስ መያዝ የማይከብደው ልጅ እንኳ ረጅም ጽሑፍ ከስክሪን ላይ ሲያነብ ይጠፋበታል። ጥቂት ቀን ቢለማመድ በቂ ነው።

ኮፒ ቤት ነኝ | ጥር 21፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት

ምን እንደምላችሁ አላውቅም። ሥራ ላይ ሆኜ እያነበብኩ እንባዬ መጣ። ደንበኛው "ምን ሆንሽ?" አለኝ።

መምህር፣ ጠየቅሁት። ባዮሎጂ በሳምንት 14 ሰዓት ገደማ። ማትስ 3 ሰዓት። ሲናገረው ራሱም ደነገጠ። "ባዮሎጂ ሳነብ የምችል ይመስለኛል፤ ማትስ ስከፍት ደደብ የሆንኩ ይመስለኛል" አለኝ። እንደዚህ ብሎ አውርቶኝ አያውቅም።

እማማ፣ የሚተኛው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። አራት ሰዓት ነው የሚተኛው ማለት ነው። እኔ ደግሞ ጎበዝ እያልኩ ቡና አፈላለት ነበር። ከዛሬ ጀምሮ 4 ሰዓት ላይ መብራት ይጠፋል፤ 10 ሰዓት መነሳቱ ይቅር፤ 11 ሰዓት ይነሳ።

ይሄን ውይይት አሳየሁት። አትቆጡኝ፤ ከእሱ የሚደበቅ አልመሰለኝም።

ታናሽ | ጥር 21፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት

ሰላም። ወንድሟ ነኝ።

ሁሉንም አነበብኩት። መጀመሪያ ውጤቴን ስለጻፈችው ተናድጄ ነበር። አሁን አልተናደድኩም።

ሕክምና የምለው እናቴ ጥቁር አንበሳ ሦስት ወር ተኝታ ስለነበር ነው። አንድ ዶክተር ነበር። ማታ ተረኛ ሲሆን እየመጣ አጠገቧ ቁጭ ይልና ስሟን ጠርቶ ያወራት ነበር። ሌላ ምክንያት የለኝም። ሌላ ነገር እንድፈልግ ስትሉኝ እሷን የተውኳት ይመስለኛል።

ጠመኔ | ጥር 21፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል

ልጄ፣ ነፍሷን በገነት ያኑርልን። ይሄ ምክንያት ትልቅ ነው፤ አትተወው።

ግን እስቲ አስታውስ። እናትህ አጠገብ የነበረው ዶክተሩ ብቻ ነው? በየሰዓቱ መድኃኒቷን የምትሰጣት ነርስ ነበረች። ደሟን የመረመረ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነበረ። መድኃኒቱን ያዘጋጀ ፋርማሲስት ነበረ። ራጅ ያነሳት፣ ኦፕራሲዮን ከነበረም ሰመመን የሰጣት ሰው ነበረ። እነዚህ ሁሉ የየራሳቸው ትምህርት አላቸው። ሕክምና ራሱ ከማትሪክ ቀጥታ አይገባም፤ መጀመሪያ ፍሬሽማን ትማራለህ፤ ከዚያ በውጤትህ ተወዳድረህ ነው። የሚፈልገው ነጥብ ከ300 እጅግ ይርቃል። ይሄን አልደብቅህም። ስለዚህ ሕክምናን አንደኛ አድርገህ ጻፍ። ከሥሩ ደግሞ እናትህ አልጋ አጠገብ ሊያቆሙህ የሚችሉ ሌሎች ሦስት ሙያዎችን ጻፍ። ተራ በተራ አንብባቸው፤ ምን እንደሚሠሩ እወቅ።

ነገ ጠዋት ግን የ9ኛ ክፍል ማትስ ክፈት። ደደብ የሚያሰኝህ እዚያ ውስጥ ያለ አንድ የተዘለለ ነገር ነው። ፈልገን እናገኘዋለን። እዚሁ ጻፍልኝ፤ በየቀኑ ማታ አያለሁ።

ስድስት ኪሎ 2ኛ ዓመት | ጥር 21፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት

እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ አብርሆት አለሁ። ጠዋት ቀድመህ ካልመጣህ ወንበር አይገኝም፤ 2 ሰዓት ላይ በሩ ላይ ተገናኝተን ማትስ አብረን እንሥራ። እህትህም ትምጣ፤ ማን እንደሆንኩ ትወቅ።

ኮፒ ቤት ነኝ | መጋቢት 9፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት

እንደገና ተመልሻለሁ። ሁለተኛው ሞዴል ዛሬ መጣ።

እንግሊዝኛ 54፣ ማትስ 38፣ አፕቲትዩድ 51፣ ፊዚክስ 43፣ ኬሚስትሪ 45፣ ባዮሎጂ 65። ድምር 296።

ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ትንሽ ወርደዋል። ማትስ ግን ሰባት ጨምሯል። አራት ይቀረዋል። ወረቀቱን ዛሬ አላጠፈውም፤ ግድግዳው ላይ ለጠፈው። ከጎኑ ሌላ ወረቀት አለ። በእጁ የጻፈው ነው፦ ሕክምና፣ ሰመመን፣ ሜዲካል ላቦራቶሪ፣ ነርሲንግ። ከሥሩ በእርሳስ "50 ካልሞላ፦ ሪሚዲያል። ሪሚዲያል ካልሆነ፦ በግል ተመዝግቤ እንደገና እፈተናለሁ፣ ወይም እንጦጦ፣ ኤሌክትሪክ" ይላል። የመጨረሻዋ መፍቻና ሽቦ የጠቆመን ቦታ ወስጄው ካየ በኋላ የጨመራት ናት። አንድ ሰዓት ሙሉ አንድ ሞተር ሲፈታ ቆሞ አየ።

የስህተት ደብተሩ ሁለተኛው ላይ ደርሷል። ሽፋኑን ኮፒ ቤት ውስጥ እኔ ጠረዝኩለት።

መፍቻና ሽቦ | መጋቢት 9፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት

የእኔን ዘርፍ በእርሳስ ስለጻፈ አልተቀየምኩም። እንኳን ጻፈው። በርታ ወንድሜ!

ጠመኔ | መጋቢት 9፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት

16 ነጥብ በሰባት ሳምንት። ደስ ብሎኛል። አሁን ኬሚስትሪን እንዳይተው። ሞል ላይ ነው የሚሳሳተው፤ ባለፈው ከላከልኝ ጥያቄ አይቻለሁ። ሊሚቲንግ ሪአክታንት ሲጠየቅ ግራሙን ያወዳድራል። መጀመሪያ ሁለቱንም ወደ ሞል ይቀይር፤ ከዚያ እያንዳንዱን እኩልታው ላይ ከፊቱ ባለው ቁጥር ያካፍል፤ ያነሰው እሱ ነው ቀድሞ የሚያልቀው።

ታናሽ | መጋቢት 9፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል

እሺ መምህር። ነገ 10 ጥያቄ እሠራለሁ።

አሁን ግን ማትስ ላይ አንድ አልገባኝም። ሳጥን ውስጥ 3 ቀይና 5 ሰማያዊ እስክሪብቶ አለ። ሳናይ ሁለት አወጣን፤ መጀመሪያ ያወጣነውን አልመለስንም። ሁለቱም ቀይ የመሆን ዕድላቸው ስንት ነው? እኔ 3/8 ሲባዛ በ3/8 ብዬ 9/64 አገኘሁ። ምርጫው ውስጥም አለ። መልሱ ግን እሱ አይደለም ይላል።

ጠመኔ | መጋቢት 9፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል

የመጀመሪያውን እስክሪብቶ ካወጣህ በኋላ የት አደረግከው?

ታናሽ | መጋቢት 9፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ40

እጄ ላይ ነው።

እ... ስለዚህ ሳጥኑ ውስጥ የቀሩት 7 ናቸው። ቀዩም 2 ነው የቀረው። 3/8 ሲባዛ በ2/7። 6/56። 3/28።

ደብተሩ ላይ ጻፍኩት፦ "እጄ ላይ ያለውን መልሼ ሳጥኑ ውስጥ ቆጠርኩት።" በሦስተኛው ቀን ሸፍኜ እሠራዋለሁ።